ለቀዶ ሕክምና ሙከራ የሚገኙ ሕሙማንን ስለ መገመት

የሕክምና ሙከራ ከመዠመሩ በፊት ሁለት ጥያቄዎች ይነሣሉ፤ «ስንት ሕሙማን ያስፈልጉናል? በስንት ጊዜስ እናገኛቸዋለን?» ለፊተኛው የሒሳብ ሊቃውንት መልስ አላቸው፤ ኋለኛው ግን ብዙ ጊዜ በምኞት ይመለሳል። አሜሪካዊው የመድኃኒት ሊቅ ሉዊስ ላሳኛ ይህን ታዝቦ፥ ሙከራ ሲዠመር ሕሙማን እንደሚጠፉ፥ ሲያልቅም ተመልሰው እንደሚመጡ፥ ቀልድ የተቀላቀለበት ሕግ አቁሟል።

በአጥንትና በመገጣጠሚያ ቀዶ ሕክምና ይህ ችግር ይበረታል፤ ለመቀደድ ወይም ላለመቀደድ ዕጣ ይውጣልኝ የሚል ሰው ጥቂት ነውና። በእጁ ሥራ የሚተማመን ሐኪምም ሕመምተኛውን ለዕጣ መስጠት ይከብደዋል።

ለዚህ ሁለት ምስክሮች እንጥራ (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው)። ብሩስ ሞዝሊና ባልደረቦቹ በሂውስተን ከተማ፥ በቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታል፥ ከኦክቶበር 1995 እስከ ሴፕቴምበር 1998 ድረስ የጉልበት ቀዶ ሕክምናን ከማስመሰያ ቀዶ ሕክምና ጋራ አስተያዩ። በማስመሰያው ቆዳው ብቻ ይበጣል እንጂ መሣሪያ ወደ መገጣጠሚያው አይገባም። ለሙከራው የተገቡት ሕሙማን 324 ነበሩ፤ ከእነዚህ 144ቱ፥ ማለት ከመቶ 44ቱ፥ እንቢ አሉ፤ 180 ቀሩ። በወር 9 ሰዎች ይገኙ ነበርና፥ ሁሉም እሺ ይላሉ ብሎ ያሰበ ሰው ሥራው በ20 ወር ያልቃል ባለ ነበር፤ ነገር ግን የገቡት በወር 5 ስለ ነበሩ 36 ወር ፈጀ።

ሁለተኛው ከ2000 እስከ 2004 በአሜሪካ በ13 ማዕከሎች የተደረገው የአከርካሪ ዲስክ ሙከራ ነው። ከ1991 ተገቢ ሕሙማን ዕጣውን የተቀበሉት 501 ብቻ ናቸው፤ ሌሎች 743 የመረጡትን ሕክምና ይዘው ለመታየት ተስማሙ። ዕጣውን ከተቀበሉትም መካከል ቀዶ ሕክምና የደረሳቸው በሦስት ወር ውስጥ የተቀደዱት እኩሌታው ሲሆኑ፥ ያልደረሳቸው ግን ከመቶ 30ው ተቀደዱ። ስለዚህ የውጤቱ ትርጕም አከራካሪ ሆነ።

እንግዲህ በር ላይ የቆመውን ሁሉ መቍጠር «ላም አለኝ በሰማይ» ማለት ነው። የሚቈጠረው ተጠይቆ እሺ ያለ፥ በእሺታውም የጸና ነው፤ ስለዚህ ጊዜና ገንዘብ ከመወሰኑ በፊት ለጥቂት ወራት መዝገብ ይዞ መሞከር ይገባል። የሂውስተን ሰዎች ቍጥራቸው ስለ ሞላ፥ ቀዶ ሕክምናው ከማስመሰያው እንዳልበለጠ በ2002 ታወቀ። ሙከራው በመንገድ ቀርቶ ቢሆን ኖሮ ግን የእነዚያ ሰዎች ቆዳ በከንቱ ተበጥቶ በቀረ ነበር።