የአክሱም የነሐስ ሳንቲሞች

የአክሱም ነገሥታት ካስቀረጿቸው ገንዘቦች በብዛት የሚገኙት ትናንሽ የነሐስ ሳንቲሞች ናቸው። በ3ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መገባደጃ ገደማ የነገሠው ንጉሥ እንዱቢስ በወርቅና በብር ብቻ ያሳትም ነበር፤ ነሐሱን የጨመረው ተከታዩ አፊላስ ነው። ህትመቱ በ7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ቆመ።

ሳንቲሙን ለመለየት ቀዳሚው መነሻ ምልክቱ ነው። ጨረቃና ክብ ካለበት ከክርስትና በፊት የተቀረጸ ነው፤ ከንጉሥ ዒዛና ዘመን ወዲህ መስቀል ተተካ። ቀጥሎ ጽሑፉ ይታያል፦ ቀደምቶቹ በግሪክኛ፣ የኋለኞቹ በአብዛኛው አናባቢ በሌለው ግዕዝ ናቸው። የንጉሥ ስም የሌለበት፣ ሕዝቡን ደስ እንዲያሰኝ የሚመኝ የግሪክኛ ቃል የተቀረጸበት ዓይነት በጣም የተለመደ ነው። የንጉሥ አርማህ ነሐስ ግን ለጀማሪም አያስቸግርም፤ ንጉሡ ሙሉ አካሉ እየታየ በዙፋን ተቀምጧል።

በአንዳንዶቹ መስቀል ዙሪያ ስስ የወርቅ ቅብ አለ። አረንጓዴ ዝገቱን በአሲድ ወይም በሽቦ ብሩሽ የሚፍቅ ሰው ወርቁንም ፊደሉንም ያጠፋል፤ እንዲህ ያለው ጽዳት ከዝገቱ የባሰ ነው።

እነዚህ ነሐሶች በኢየሩሳሌምም ተገኝተዋል። በኢትዮጵያ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209 ይጠብቃቸዋል፤ በአዲስ አበባ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየምም የሳንቲም ስብስብ አለው።