የመጠለያው ደጅ ለማን ተሠራ?

ቤት ለሌለው ሰው ማደሪያ መስጠት በየትኛውም አገር የሚመሰገን ተግባር ነው። ይሁን እንጂ ደጁ ሲሠራ ማን እንዲገባበት ታስቦ እንደ ነበረ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። የዩናይትድ ስቴትስ የቤትና የመጠለያ ታሪክ ይህን ጥያቄ ለሙያችን ባልደረቦች አጉልቶ ያቀርባል። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1930ዎቹ የኢኮኖሚ ውድቀት ጊዜ ብዙ ቤተሰቦች የቤታቸውን ዕዳ መክፈል ተሳናቸው። መንግሥትም በ1933 ዕዳቸውን የሚያቃልል ድርጅት፣ በ1934 ደግሞ ለቤት ብድር ዋስ የሚሆን መሥሪያ ቤት አቋቋመ። የመጀመሪያው የከተሞችን ካርታ በአራት ቀለም ሲከፋፍል፣ ጥቁሮች የሚኖሩባቸውን ሠፈሮች ከሞላ ጎደል ቀይ ቀባቸው፤ ቀይ ማለት ለብድር አደገኛ ማለት ነበር። ሁለተኛውም በእነዚሁ ሠፈሮች ዋስ ከመሆን ተቆጠበ። ቤት ማደሪያ ብቻ ሳይሆን ለልጅ የሚተላለፍ ጥሪት በመሆኑ፣ የዚያ ዘመን ክልከላ ለልጅ ልጅ ተረፈ።

በ1948 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ቤት ለጥቁር እንዳይሸጥ የሚያግዱ ውሎችን ፍርድ ቤቶች እንዳያስፈጽሙ ወሰነ። በ1968ም ማርቲን ሉተር ኪንግ በተገደሉ በሳምንቱ በቤት ጉዳይ አድልዎን የሚከለክለው ሕግ ጸደቀ። ሕጉ ዘርን፣ ቀለምን፣ ሃይማኖትንና የትውልድ አገርን ሲጠቅስ ጾታን ግን ዘነጋ፤ ይህ የተጨመረው በ1974 ነው። እስከዚያ ድረስ አበዳሪዎች «ነገ ትወልዳለች» በሚል ሰበብ የሚስትን ደመወዝ ከሒሳብ ማውጣታቸው የተለመደ ነበር።

በመጠለያዎችም ዘንድ ሁኔታው ከዚህ የራቀ አልነበረም። ቤት አልባ ሲባል በብዙዎች አሳብ የሚመጣው ወንድ ነበር። በቦስተን ከተማ ሴቶች ምግብና ማደሪያ ለማግኘት የወንድ ልብስ ለብሰው ይሰለፉ እንደ ነበር ያስተዋሉት ኪፕ ቲርናን፣ በ1974 በአገሪቱ የመጀመሪያ የሚባለውን የሴቶች መጠለያ «ሮዚስ ፕሌስ»ን ከፈቱ።

በኒውዮርክ ደግሞ ጠበቃ ሮበርት ሄይስ፣ ሮበርት ካላሃን ስለ ተባለ ቤት አልባ ሰውና ስለ መሰሎቹ በ1979 ክስ አቀረቡ። መሠረታቸው ችግረኞችን መርዳት የመንግሥት ግዴታ ነው የሚለው የግዛቲቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ ነበር። በ1981 ከተማው ማደሪያ ለመስጠት በስምምነት ውል ገባ፤ የአልጋው ስፋት ከ30 ኢንች እንዳያንስ እንኳ ተጻፈ። ካላሃን ግን ውሉ ከመፈረሙ በፊት በጎዳና ላይ ሞቶ ነበር። ከዚህ ላይ ሊጤን የሚገባው፣ ይህን ያህል ጥንቃቄ የተደረገበት ውል የሚናገረው ስለ ወንዶች ብቻ መሆኑ ነው። ሴቶች መብታቸው እንዲታወቅ በ1982 የራሳቸውን ክስ መመሥረት፣ ልጆች የያዙ ቤተሰቦችም በ1983 ሌላ ክስ ማቅረብ ግድ ሆነባቸው።

ግልጽ ክልከላ ከቀረ በኋላም ልዩነቱ አልጠፋም። በ2018 የወጣ የሎስ አንጀለስ የጥናት ኮሚቴ ሪፖርት እንደ ገለጸው፣ በ2017 ጥቁሮች ከአውራጃው ሕዝብ 9 በመቶ ሲሆኑ ከቤት አልባዎች መካከል ግን 40 በመቶ ነበሩ። ከ2013 ጀምሮ በብዙ ከተሞች ቤት በቅድሚያ ማን ያግኝ የሚለውን ለመወሰን ነጥብ የሚሰጥ መጠይቅ ሥራ ላይ ውሎ ነበር። ጥያቄው ለሁሉ አንድ ነበር። ነገር ግን ነጥቡ ተጠያቂው ስለ ሕመሙና ስለ ሱሱ ለማያውቀው ሠራተኛ በሚሰጠው ቃል ላይ የተመሠረተ ነው፤ በመሥሪያ ቤት ደጅ ተደጋግሞ የተገፋ ሰው ደግሞ ምስጢሩን በቀላሉ አይገልጥም። በ2019 የኦሪገን፣ የዋሽንግተንና የቨርጂኒያ መረጃ ሲመረመር፣ ነጮች ያልሆኑት ዝቅተኛ ነጥብ አግኝተው ተገኙ። የመጠይቁ አዘጋጆችም በ2020 ደረጃ በደረጃ እንዲቀር መወሰናቸውን አስታወቁ።

እንግዲህ በደል ሦስት መልክ ነበረው፦ አስቀድሞ በካርታ ላይ በቀለም ተሣለ፤ ቀጥሎ በመዘንጋት ተፈጸመ፤ በመጨረሻም እኩል በሚመስል መለኪያ ውስጥ ተሸሸገ። የመጀመሪያውን ሕግ ሊሽረው ይችላል። ሁለቱ ግን በአብዛኛው በእኛ በባለሙያዎች እጅ ናቸው፤ ቅጹን የምናዘጋጅ፣ ተራውን የምንይዝ፣ አልጋውን የምንደለድል እኛ ነንና። ስለዚህ በየዓመቱ መዝገባችንን ስንዘጋ ስንት ሰው አሳደርን ብለን መቁጠሩ ብቻ አይበቃም፤ እነማን ቤት አግኝተው እንደ ወጡና እነማን ከደጁ እንደ ተመለሱ በጾታና በወገን ለይቶ መመዝገብ ይገባል። ያልተመዘገበን ሰው የሚያስታውሰው የለምና።