ሞራው በማን ራስ ላይ ነው?

እ.ኤ.አ. በኅዳር 1965 ዱሰልዶርፍ ከተማ፣ በሽሜላ ጋለሪ ውስጥ፣ አንድ ሰው ራሱንና ፊቱን ማር ተቀብቶ፣ በማሩ ላይ ስስ ወርቅ ለጥፎ፣ የሞተ ጥንቸል ታቅፎ ከሥዕል ወደ ሥዕል ይዞር ነበር። በጥንቸሉ ጆሮ እያንሾካሾከ ስለ ሥዕሎቹ ያስረዳዋል፤ መዳፉን እያነሣ ያስነካዋል። ሦስት ሰዓት ያህል በሩ ተቆልፎ ስለቆየ ተመልካቹ ያየው ከውጭ በመስኮት ነው። ሰውየው ጀርመናዊው አርቲስት ዮሴፍ ቦይስ ነበር።

ቦይስ ስብን፣ ማርንና ወፍራም የሱፍ ጨርቅን ሙቀት ያላቸው ፈዋሽ ነገሮች አድርጎ ያያቸው ነበር። በ1944 የተሳፈረበት የጦር አውሮፕላን ክራይሚያ ላይ ሲከሰከስ ታታሮች አግኝተው ገላውን ስብ ቀብተው፣ በሱፍ ጠቅልለው ከሞት እንዳተረፉት ያወራ ነበር። በኋላ የተመረመሩ መዛግብት ግን ያነሣው የጀርመን ጦር ፈላጊ ቡድን መሆኑንና ወታደራዊ ሆስፒታል መግባቱን ያሳያሉ። ታሪኩ እውነት ባይሆንም እንደ ተራ ውሸት አላየውም፤ በጦርነት የተሰበረ አገር ሰው ቁስሉን የሚዳብስለት እጅ ቢመኝ አይፈረድበትም። የሚከነክነኝ ሌላ ነው። ማሩን የተቀባው አርቲስቱ ነው፤ የቆሰለው ሕዝብ ግን ደጅ ቆሞ ያያል።

ከዱሰልዶርፉ ትርኢት 33 ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1932፣ ሚሼል ሌሪስ የተባለ ፈረንሳዊ ጸሐፊ ከዳካር እስከ ጅቡቲ ከሚጓዝ የጥናት ቡድን ጋር ጎንደር ገብቶ ወራት ተቀመጠ። (ይኸው ቡድን የአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያንን ሥዕሎች ነቅሎ ፓሪስ መውሰዱን ሳላነሣ ማለፍ አይሆንልኝም።) ሌሪስ በአባ ጀሮም ገብረ ሙሴ አስተርጓሚነት፣ መልካም አየሁ ከሚባሉ የዛር አዋቂ ቤት ይውል ያድር ጀመር። እዚያ ዕጣኑ ይጨሳል፣ ቡናው ይፈላል፣ ጭብጨባው ይደምቃል። ታማሚዋ አንገቷን እያዞረች ታጓራለች። ከዚያ በኋላ የሚናገረው ዛሩ ነው፤ እሷ ፈረሱ ናት። ዛሩ ስሙን ይናገራል፣ የሚሻውን ያዝዛል፤ ቀለሙ የተመረጠ ዶሮ፣ በግ፣ ሲብስም ሰንጋ። ከታረደው ከብት ደሙ ይቀመሳል፤ ትኩስ ሞራው እንደ ነጠላ በታማሚዋ ራስ ላይ ይደፋል።

ዳር ቆሞ የሚያይ የለም። ጎረቤቱ ያጨበጭባል፣ ይዘፍናል፣ ዛሩን ይጠይቃል፣ ይከራከረዋል፣ ይለማመጠዋል። ተመልካች ሆኖ መቅረቱ የተሰማው ማስታወሻ ደብተሩን የያዘው ሌሪስ ነበር፤ ይህም ራሱን እንዳስጨነቀው ጽፏል። በ1958 ባሳተመው መጽሐፍ ደግሞ የጎንደሩን ሥርዓት፣ ሰዎች ከሚተውኑት ቴአትር ለይቶ፣ የሚኖሩት ቴአትር ብሎታል።

ሥርዓቱን ማሳመር አልፈልግም። ዛር አይባረርም፣ ይገበርለታል እንጂ፤ ስለዚህ ወጪውም አያልቅም፣ የደሃ ጥሪት ያሟጥጣል። ቤተ ክርስቲያንም ታወግዘዋለች። ቢሆንም የቤቱ ሰው ሁሉ የተሰበሰበው ለታመመችው ነው፤ ሞራውም የሷ ነው።

ከዘመናችን አርቲስቶች ወደዚህ የቀረበች ካለች፣ በራሷ መንገድ የደረሰችው ብራዚላዊቷ ሊጂያ ክላርክ ናት። በ1966 በመኪና አደጋ የእጇ አንጓ ተሰበረ። እጇ ከተጠቀለለበት ላስቲክ ሲወጣ ላስቲኩን ነፍታ አፉን አሰረችው፤ ጥጉ ላይ ጠጠር አኑራ በመዳፎቿ ስትጫነው ጠጠሩ እንደሚተነፍስ ገላ ከፍ ዝቅ አለ። ከዚያ ወዲያ የሚታይ ሥራ እየተወች ሄደች። ከ1976 ጀምሮ ሪዮ ዴ ጄኔሮ በሚገኘው አፓርታማዋ ሰዎችን አንድ በአንድ ትቀበል ነበር። ልብሳቸውን አቅልለው ፍራሽ ላይ ይጋደማሉ፤ እሷም የአሸዋ ትራስ፣ ውሃ ወይም አየር የሞላ ላስቲክ በገላቸው ላይ ታኖራለች፣ ዛጎል ወደ ጆሯቸው ታስጠጋለች። በመዳፋቸው ደግሞ ድንጋይ ይይዛሉ፤ ስሜታቸው የትም ቢወስዳቸው የሚጨብጡት እንዳያጡ። ክፍሉ ውስጥ ሦስተኛ ሰው የለም፣ የሚሸጥም ነገር የለም። አርቲስት መባልን ራሱ ትታው ነበር።

ክላርክ በ1988 ዐረፈች። በ2014 የኒውዮርኩ ዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ትልቅ ዐውደ ርእይ ሲያዘጋጅላት፣ ጎብኚው እንዲነካቸው የዕቃዎቿ ቅጂ ተሠርቶ ነበር። ደግ ነው፤ ሰልፍ ይዞ ለአፍታ የነካ ጎብኚ ግን ታማሚ አይደለም። ሥራዋን በቦታው ያቆየላት፣ ያንኑ ትራስና ድንጋይ ይዞ ሪዮ ውስጥ ወደ አእምሮ ሕሙማን የሄደው ሐኪሙና አርቲስቱ ሉላ ቫንደርሌይ ነው።