እምኩሉ፦ ከጦር ሜዳው አጠገብ የነበረው ትምህርት ቤት

ምጽዋ ሲነሣ ብዙዎቻችን ቀድሞ የሚመጣልን ወደብና ጦርነት ነው። ራስ አሉላ፣ ዶጋሊ፣ ጣሊያን፤ ከዚያም በወላጆቻችን ዘመን የሆነው የ1982 ዓ.ም. ውጊያ። ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ መታወቅም አለበት። ነገር ግን የወንጌል አማኞች የሆንን ወጣቶች ስለዚያ የባሕር ዳርቻ ልናውቀው የሚገባ ሌላም ታሪክ አለ። ከዶጋሊ ጦር ሜዳ ብዙም ሳይርቅ፣ ለባርነት ተሸጠው የነበሩ ልጆች ፊደል የቆጠሩበት አንድ መንደር ነበረ። ከእነዚያ ልጆች መካከል መጽሐፍ ቅዱስን በሕዝባቸው ቋንቋ ያስነበቡ ሰዎች ወጡ። የመንደሩ ስም እምኩሉ ይባላል።

መንገዱና ከተማው

ከአስመራ ወደ ምጽዋ የሚወስደው መንገድ 115 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከ2,300 ሜትር ከፍታ ይነሣና ባሕሩ ጠርዝ ላይ ያበቃል። ደጋው ላይ ሹራብ ያስለበሰ ብርድ ጊንዳዕ ሳይደረስ ይቀራል፤ ከዚያ በታች ሙቀቱ እየበረታ ይሄዳል። ተጓዡ ሰሐጢን፣ ዶጋሊንና እምኩሉን በተራ ካለፈ በኋላ ባሕሩን ያያል።

የቀድሞው ከተማ ያለው ደሴት ላይ ነው። ጥዋለት የሚባል ሌላ ደሴት በመካከል አለ፤ ሁለቱም በባሕሩ ላይ በተሠራ መንገድ ከየብሱ ጋር ተያይዘዋል። ቤቶቹ የተሠሩት ከባሕር ከወጣ የኮራል ድንጋይ ነው፤ የእንጨት ሰገነቶቻቸው በጠባቡ መንገድ ላይ ወጣ ወጣ ብለዋል። ቱርኮች እ.ኤ.አ. በ1557 ከተማውን ያዙ። እ.ኤ.አ. በ1865 ለግብፅ ተላለፈ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1885 ጣሊያኖች ገቡ። የሚያየው ሰው የእነዚህን ሁሉ እጅ በግንቦቹ ላይ ያገኘዋል። የካቲት 1982 ዓ.ም. በተደረገው ውጊያና ከዚያ በኋላ በወረደው የአውሮፕላን ድብደባ የፈረሱ ሕንፃዎችም አሉ፤ ጥዋለት ላይ ያለው የቀድሞው ቤተ መንግሥት ጣሪያው ተቦድሷል። በዚያ ውጊያ በሁለቱም ወገን የወደቁት አብዛኞቹ የእናንተ ዕድሜ የነበሩ ወጣቶች ናቸው።

ደሴቱ ላይ ጣፋጭ ውኃ እንደ ልብ አይገኝም ነበርና የከተማው ሰው ከየብሱ በኩል፣ ከእምኩሉ ጉድጓዶች ይቀዳ ነበር። ውኃ ያለበትን ቦታ ደግሞ ሁሉም ይፈልገዋል፤ ነጋዴውም፣ ወታደሩም፣ ሚስዮናዊውም።

ዶጋሊ

እ.ኤ.አ. በ1884 አፄ ዮሐንስ ከእንግሊዝና ከግብፅ ጋር ዓድዋ ላይ ውል ተፈራረሙ። በውሉ መሠረት የኢትዮጵያ ዕቃ በምጽዋ በኩል በነፃነት ሊያልፍ ነበር። ዓመት ሳይሞላ ጣሊያን ወደቡን ያዘች። በደሴቱም አላበቃችም፤ ወደ ውስጥ ገብታ ሰሐጢ ላይ ምሽግ ሠራች። የመረብ ምላሽ ገዥ የነበሩት ራስ አሉላ ይህን ዝም ብለው አላዩትም። ጥር 1879 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጥር 25 ቀን 1887) የሰሐጢን ምሽግ ወጉ፤ ነገር ግን ምሽጉ ጠንካራ ነበርና ብዙ ሰው ወድቆባቸው ተመለሱ። በማግስቱ፣ በሌተና ኮሎኔል ደ ክሪስቶፎሪስ የሚመራ 500 ያህል ሰው ያለው ጦር ለሰሐጢ ርዳታ ሲገሰግስ ዶጋሊ ላይ አገኙት። ከዚያ ጦር የተረፉት ጥቂቶች ናቸው።

ያ የጣሊያን ጦር በዚያ ጠዋት የተነሣው ከእምኩሉ ነበር።

በሮም ዋናው የባቡር ጣቢያ ፊት ያለው አደባባይ እስከ ዛሬ “የአምስት መቶዎቹ አደባባይ” ይባላል፤ ስሙ የወጣው በዶጋሊ ለሞቱት መታሰቢያ ነው። በእኛም በኩል ዶጋሊ የአገር ኩራት ሆኖ ይነገራል። ራስ አሉላ የሰው አገር ሊወርሩ አልሄዱም፤ የመጣባቸውን ጦር መለሱ። ይህን ማክበር ተገቢ ነው። ሆኖም ጣሊያን ብዙ ሳትቆይ እስከ 20,000 የሚደርስ ጦር ይዛ ተመለሰች፤ ከምጽዋ እስከ ሰሐጢም የባቡር ሐዲድ ዘረጋች። ከዚያ በኋላ የመጣው እስከ ዓድዋ ድረስ የታወቀ ነው።

ስማቸው የተለወጠ ልጆች

አሁን ወደ እምኩሉ እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ1866 ሦስት የስዊድን ሚስዮናውያን ምጽዋ ወርደው ነበር። አሳባቸው ወደ ኦሮሞ ሕዝብ መድረስ ነበር፤ መንገዱ ግን ተዘጋባቸው። ወደ ኩናማ ሄዱ፤ እዚያ ብዙዎቹ በወባ ሞቱ፤ የተገደሉም አሉ። የተረፉት ወደ ባሕሩ ዳርቻ ተመለሱ። ሥራው ያበቃለት ይመስል ነበር።

እነርሱ ሊደርሱበት ያልቻሉት ሕዝብ ልጆች ግን በሌላ መንገድ ወደ ምጽዋ ይመጡ ነበር፤ ተሸጠው። ኢሉባቦር፣ ሁሩሙ አካባቢ የተወለደው ሂካ ከመበለት እናቱ ተሰርቆ ከእጅ ወደ እጅ ስምንት ጊዜ ተሸጠ። እ.ኤ.አ. በ1870 ቨርነር ሙንዚንገር የተባለ የስዊስ ተወላጅ ምጽዋ ላይ ነፃ አውጥቶ ለሚስዮኑ ትምህርት ቤት ሰጠው። ከሁለት ዓመት በኋላ በፋሲካ ቀን ሲጠመቅ ኦኔሲሞስ ተባለ። የፊልሞናን መልእክት ያነበበ ሁሉ ይህ ስም ለምን እንደተመረጠ ያውቃል፤ ባሪያ የነበረ፣ በኋላ ግን ወንድም የተባለ ሰው ስም ነው።

የቀድሞ ስሙም ቢሆን ትርጉም ነበረው። ሂካ በኦሮምኛ የሚፈታ፣ የሚተረጉም ማለት ነው። በአማርኛችንም መፍታት ለታሰረ ሰውም ለተሰወረ ቃልም እንላለን። ይህ ልጅ ሁለቱንም በሕይወቱ አየ፤ መጀመሪያ ራሱ ተፈታ፣ ከዚያም ቃሉን ለሕዝቡ ፈታ።

ኦኔሲሞስ ስዊድን ሄዶ አምስት ዓመት ተማረ። ተመልሶ ወደ ወለጋ ለመግባት ሞከረ፤ በሱዳን በኩል ሄዶ አሶሳ አካባቢ ደርሶ ተመለሰ፤ በንዳድም ሊሞት ነበር። ሁለተኛ ጊዜ ከሌሎች ጋር እንጦጦ ድረስ ደረሰ፤ አሁንም እንዲመለሱ ተደረገ። ያኔ እምኩሉ ተቀምጦ መተርጎሙን ሥራዬ ብሎ ያዘ። ነገር ግን አንድ ችግር ነበረ። ከአገሩ የወጣው በልጅነቱ ስለሆነ የገዛ ቋንቋው ጎድሎበት ነበር።

ይህን ጉድለት የሞላችው አስቴር ጋኖ ናት። አስቴርም እንደ እርሱ የተሸጠች ልጅ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1886 ወደ ዓረብ አገር ሊያሻግራት በነበረ መርከብ ላይ ሳለች ጣሊያኖች መርከቡን ያዙትና ነፃ ወጣች፤ እምኩሉ ትምህርት ቤትም ገባች። ቋንቋዋን አልረሳችም፤ አእምሮዋም ስል ነበር። ወደ 15,000 ቃላት የያዘ መዝገበ ቃላት አዘጋጀች። ከቃል የምታውቃቸውን 500 ያህል የኦሮሞ ዘፈኖች፣ ተረቶች፣ ምሳሌዎችና እንቆቅልሾች ጻፈች፤ ከእነዚህ የተመረጡት በንባብ መጽሐፍ ሆነው እ.ኤ.አ. በ1894 ታተሙ። አዲስ ኪዳን እዚያው እምኩሉ እ.ኤ.አ. በ1893 ታተመ። ሙሉው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ በግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1899 በስዊዘርላንድ፣ ሳንክት ክሪሾና ታተመ።

አንድ ጊዜ ቆም ብለን ዓመቶቹን እናስተያይ። አስቴር ነፃ በወጣች በዓመቱ የዶጋሊ ጦርነት ሆነ። 500ዎቹ ወታደሮች ከእምኩሉ ወጡ፤ በእምኩሉም አንዲት የአሥራዎቹ ዕድሜ ልጅ ፊደል ትቆጥር ነበር።

ከዚህ ምን እንማራለን?

አንደኛ፣ ታሪክን ሳንሸፋፍን ማንበብ አለብን። አስቴርን ከመርከብ ያወረዱት ጣሊያኖች የአገራችንን መሬት የያዙት እነዚያው ጣሊያኖች ናቸው። ስለዚህ አንዱን ወገን ሁሉ መልአክ፣ ሌላውን ሁሉ ሰይጣን አድርጎ መተረክ አያዋጣም። ከዚያ የሚከብደው ደግሞ ይህ ነው፦ ባሪያ ገዥው ዓረብና ቱርክ ብቻ አልነበረም። ሂካን ከእናቱ የነጠቁት፣ አስቴርንም እስከ ባሕር እየነዱ ያደረሱት ሰዎች ባሕር ተሻግረው የመጡ አልነበሩም። የገዛ አገራችን ሰዎችም ሸጠዋል። ዶጋሊን ስናከብር ይህንንም ማስታወስ ይገባናል። የውጭ ጠላትን ስለመለስን የውስጥ ኃጢአታችን አይሰረይም።

ሁለተኛ፣ እግዚአብሔር የሚሠራው ጦርነቱ እስኪያልፍ ጠብቆ አይደለም። እኛ ብዙ ጊዜ “አገሩ ሰላም ሲሆን እናገለግላለን፣ ሁኔታው ሲስተካከል እንጽፋለን” እንላለን። በእምኩሉ ሁኔታው ተስተካክሎ አያውቅም። ሙቀት ነበረ፤ ወባ ነበረ፤ ጦር ያልፍ ነበር፤ ወደ ወለጋ የሚወስደው መንገድ ተዘግቶ ነበር። ሰዎቹ ግን ባሉበት ተቀምጠው ቃል በቃል፣ ምዕራፍ በምዕራፍ ሠሩ። መንገዱ ሲከፈት መጽሐፉ ተዘጋጅቶ ቆየው። ኦኔሲሞስ እ.ኤ.አ. በ1904 ወለጋ ገባ፤ ክስና ስደት ቢደርስበትም እ.ኤ.አ. በ1931 እስኪሞት ድረስ በነቀምቴ አገለገለ። እ.ኤ.አ. በ1959 የተመሠረተችው የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ አንዱ ሥሯ ከዚያ ሥራ ይመዘዛል።

ሦስተኛ፣ የምናስታውሳቸውን ሰዎች ዝርዝር እናስፋ። በቅርብ ዓመታት ጦርነት ያሳለፍን ትውልድ ነን፤ ከመካከላችን ወንድሙን የቀበረ አለ። ስለ ቀይ ባሕር የሚነገረውም አሁን ከፍ ባለ ድምፅ ነው። ስለ ወደብ የሚደረገውን ክርክር አዋቂዎቹ ይከራከሩበት። እኛ ግን ምጽዋ ሲባል በአሳባችን መድፍ ብቻ አይምጣ። ከመርከብ የወረደች፣ ቋንቋዋን በልቧ ይዛ የቆየች አንዲት ልጅም ትምጣ።

ዛሬ እምኩሉን የሚያልፍ መንገደኛ እንደ ዶጋሊ ያለ ስም ስላልሰማበት ላይቆም ይችላል። እዚያ የተሠራው ሥራ ግን ወለጋ ውስጥ በየእሑዱ ሲነበብ ኖሯል።

ለቡድን ውይይት
1. በአካባቢያችሁ ጦርነት ወይም ችግር በነበረበት ጊዜ ሳይቋረጥ የቀጠለ አገልግሎት ታውቃላችሁ? ታላላቆቻችሁን ጠይቁና ለቡድኑ ተርኩ።
2. የፊልሞናን መልእክት አብራችሁ አንብቡ። ኦኔሲሞስ የሚለው ስም ለሂካ ምን ትርጉም የነበረው ይመስላችኋል?
3. በቤታችሁ የሚነገር፣ እናንተ ግን አጥርታችሁ የማትናገሩት ቋንቋ አለ? ከእናታችሁ ወይም ከአያታችሁ ዛሬ ምን ልትጽፉ ትችላላችሁ?