የሽቦ ሐረግ

በጋራዦቻችን «ኢንስታሌሽኑ ተቃጠለ» ሲባል ሁለት ነገር አብሮ ይደባለቃል፤ ሽቦ የመዘርጋቱ ሥራና የተዘረጋው ሽቦ ራሱ። እንግሊዝኛ ለሁለተኛው «ዋየሪንግ ሃርነስ» የሚል የራሱ ስም አለው። ከባትሪ፣ ከፊውዝ ሳጥንና ከማብሪያዎች ተነስተው ወደ መብራቱ፣ ወደ ፍሬቻው፣ ወደ ክላክሱና ወደ ጌጆቹ የሚሄዱት ሽቦዎች በፋብሪካ ተለክተው፣ በአንድ ላይ ተጠቅልለው፣ በየቦታው ቅርንጫፍ እያወጡ እንደ አንድ አካል ይገጠማሉ። እዚህ «የሽቦ ሐረግ» ብለነዋል። «የሽቦ ጥቅል» ከሱቅ የምንገዛው ገና ያልተቆረጠ ሽቦ ስለሆነ አይሆንም። ሐረግ ግን ግንድና ቅርንጫፍ አለው፤ ከነቅርንጫፉ በጥንቃቄ ካላወጡት ይበጣጠሳል።

በአሮጌ መኪና በጣም የሚጎዳው ከዳሽቦርድ ሥር ያለው ክፍል ነው። በሙከ ጡሪ በኩል ወደ መርሐቤቴ የሚሄድ መኪና የጀማን ቆላ ወርዶ ወደ ዓለም ከተማ ይወጣል። ከጣርማበር ወደ መንዝ የታጠፈው ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባላት በመሐል ሜዳ ብርድ ያድራል። ሙቀትና ብርድ በተፈራረቁበት ቁጥር የሽቦው ልባስ ይደርቃል፣ ሲታጠፍ ይሰነጠቃል። አይጥም የቆመ መኪና ውስጥ ገብታ ትቀረጥፈዋለች። የተላጠው ሽቦ ቦዲ ሲነካ ፊውዙ ይቃጠላል። በብዙ አሮጌ ላንድሮቨሮች ግን የፊት መብራቱ መስመር ፊውዝ የለውም፤ ስለዚህ የሚቃጠለው ሽቦው ነው። በጣርማበር ጭጋግ ውስጥ መብራት ድንገት ቢጠፋ ምን እንደሚከተል መንገዱን የሚያውቅ ያውቀዋል።

ሐረጉን ለማውጣት መጀመሪያ የባትሪው ሽቦ ይፈታል፤ ቦዲ የያዘው ይቀድማል። ቀጥሎ ከማንኛውም ነገር በፊት ፎቶ ይነሳል፣ እያንዳንዱ ጫፍም በወረቀትና በፕላስተር ስሙ ይጻፍበታል። በቀለም ብቻ መተማመን ያሳስታል። በአሮጌ የእንግሊዝ መኪና ቡናማ ሽቦ ከባትሪ በቀጥታ የሚመጣ፣ ጥቁር ደግሞ ቦዲ ነው። በፎልክስዋገን ነገሩ ይገለበጣል፦ ቡናማው ቦዲ ሲሆን፣ ቀዩ ከባትሪ ይመጣል፣ ጥቁሩ ቁልፍ ሲከፈት ኃይል ያገኛል። በአንዱ የለመደ እጅ ሌላውን በልማድ ቢያገናኝ ያቃጥለዋል። በተጨማሪም እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) የተሠሩ ብዙ የእንግሊዝ መኪኖች ቦዲያቸው የሚያያዘው ከባትሪው ፖዘቲቭ ጋር ነው።

የጌጆቹ ሰሌዳ ተፈትቶ ወደ ፊት ሲሳብ የኪሎሜትር ቆጣሪው ገመድና የአምፖሎቹ መያዣዎች ከኋላው ይለቀቃሉ። እዚህ ላይ ሽቦውን ይዞ መጎተት ክልክል ነው፤ የሚያዘው ጫፉ ላይ ያለው ብረት ነው። ሐረጉ ከጋቢና ወደ ሞተር የሚያልፍበት ቀዳዳ የጎማ ቀለበት አለው፤ ቀለበቱ ከሐረጉ ጋር አብሮ ይገፋል እንጂ አይቆረጥም። በመንዝ ጠዋት ይህን ሥራ አለመጀመር ይሻላል። ፀሐይ ጋቢናውን እስክታሞቅ ቢጠበቅ የደረቀው ልባስ ትንሽ ይለዝባል፣ ስብራቱም ይቀንሳል።

የወጣው ሐረግ በሰፊ ጣውላ ላይ እንደነበረው ቅርጽ ተዘርግቶ የእያንዳንዱ ቅርንጫፍ ርዝመትና መነሻ ጣውላው ላይ ይነደፋል። አዲሱ በዚያ ንድፍ ላይ ይሠራል። የሚተካው ሽቦ ውፍረት ከቀድሞው ማነስ የለበትም።

የተለመደው መንገድ ግን ሌላ ነው፦ የተበላሸውን በፒንሳ ቆርጦ፣ ጠምዝዞ መቀጠል፣ በፕላስተር መሸፈን። ዛሬን ያሳድራል፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ቅጥያ በኋላ የሚግልና የሚዝግ ቦታ ነው። ከጥቂት ዓመት በኋላ ቀጣዩ ባለሙያ የትኛው ሽቦ የት እንደሚሄድ መለየት አይችልም። ነዳጅ የሚጠቀሙ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ ያሉንን አሮጌ መኪኖች በደንብ መያዝ ግድ ሆኗል። ስለዚህ ለባለጋራዦች የምለው ይህ ነው፦ ሐረጉን ሙሉውን አውጡ፣ ንድፉንም ለመኪናው ባለቤት ስጡት፤ አሮጌውን ግን አዲሱ ተገጥሞ እያንዳንዱ መብራት እስኪሞከር ድረስ አትጣሉት።