ጣት፣ ቀለበትና ቋጠሮ፦ የቀስት አውታር አለቃቀቅ አጭር ታሪክ

በዳላስ–ፎርት ወርዝ አካባቢ ባሉት የኮሊን፣ የዳላስ፣ የሮክዎልና የግሬይሰን አውራጃዎች አጋዘን በጠመንጃ ማደን አይፈቀድም፤ ሕጉ የሚተወው ቀስትንና ክሮስቦውን ብቻ ነው። በእንዲህ ያለ ስፍራ አውታሩ ከእጅ የሚለቀቅበት መንገድ ከግል ምርጫ በላይ ይሆናል። ፍላጻው ጥቂት ሳንቲ ሜትር ቢስት እንስሳው ቆስሎ ያመልጣልና።

ጥያቄው ግን ከቴክሳስ እጅግ ይቀድማል። በዓባይ ሸለቆ ከኩሽ መንግሥት ዘመን መቃብሮች የአውራ ጣት ቀለበቶች ተገኝተዋል፤ ከድንጋይ የተቀረጹ ናቸው። እንዲህ ያለው ቀለበት አውታሩን ይይዛል፣ ጣትንም ከመቆረጥ ያድናል። የኖቢያ ቀስተኞች በ7ኛው መቶ ዘመን የዓረብን ጦር ሲገጥሙ፣ የዓረብ ታሪክ ጸሐፍት «ዓይን መቺዎች» ብለዋቸዋል፤ ፍልሚያውም እ.ኤ.አ. በ652 ባቅጥ በተባለው ስምምነት ረገበ። አሜሪካዊው ኤድዋርድ ሞርስ እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው ጥናት የየሕዝቡን የአለቃቀቅ ስልት ለይቶ መድቧል፤ ገሚሱ በአውራ ጣት፣ ገሚሱ በሦስት ጣት ይስባል።

ሁኔታው የተለወጠው በሚዙሪው ሆሌስ ዊልበር አለን ፈጠራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 ለኮምፓውንድ ቀስት የፈጠራ መብት አመልክቶ በ1969 ተቀበለ። በቀስቱ ጫፎች ያሉት መዘውሮች አውታሩ ተስቦ ሲያበቃ የሚሰማውን ክብደት ያቀልላሉ። ቀስቱ እያጠረ ሲሄድ ግን የተሳበው አውታር ማዕዘን ጠበበ፤ ጣትንም ይቆነጥጥ ጀመር። በተጨማሪም ጣት አውታሩን ሲለቅ ወደ ጎን ይገፋዋል። ሜካኒካዊው መልቀቂያ ለሁለቱም ችግሮች መልስ ሆነ። የዓለም የቀስት ስፖርት ፌዴሬሽን ሕግም ልዩነቱን አጽድቋል፦ ሪከርቭ በጣት ይሳባል፣ ለኮምፓውንድ መልቀቂያ ይፈቀዳል።

ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ መልቀቂያው የት ይያያዝ የሚል ነው። ከፍላጻው በታች በቀጥታ አውታሩ ላይ ሲያያዝ የመሳቢያው ርዝመት በጥቂቱ ይጨምራል፤ ፍላጻውም መጠነኛ ፍጥነት ያገኛል። ነገር ግን ብረቱ በአውታሩ መካከል የተጠመጠመውን መከላከያ ክር ይበላዋል፤ ስበቱም ከፍላጻው በታች ስለሚሆን ሚዛን ይዛባል። ዲ-ሉፕ የሚባለው አጭር የገመድ ቀለበት ከፍላጻው ጫፍ በላይና በታች ይታሰራል፤ ስበቱ በፍላጻው ቀጥታ ኋላ ይሆናል፣ ብረትም አውታሩን አይነካም።

ይህ ምርጫ ፍጥነትን በወጥነት ይለውጣል፤ ድካሙንም ውድ ከሆነው አውታር አንሥቶ በቀላሉ ወደሚተካ ገመድ ያዛውራል። መንገድ ወይም ግድብ የሚያስተዳድር ሁሉ ይህን ሥርዓት ያውቀዋል፦ ማለቁ የማይቀር ከሆነ የሚያልቀው ርካሹና በዓይን የሚታየው ክፍል ይሁን።

ሥርዓቱ ግን ያለ ተቆጣጣሪ አይቆምም። አውታሩ እስከ መጨረሻው እንደ ተሳበ ቋጠሮው ቢፈታ፣ የሳበው እጅ ተመልሶ የአዳኙን ፊት ሊመታ፣ ፍላጻውም ወዳልታሰበበት ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ ዲ-ሉፕን የመረጠ ሰው የአደን ወቅት ከመግባቱ በፊት ቋጠሮውን መመርመርን፣ የተበላውንም ገመድ ሳይሳሳ መቀየርን አብሮ መርጧል።