ከወንበሩ የተባረረው ሰባኪ

የእግዚአብሔር ቃል በምሳሌ 31፥8-9 ስለ ራሳቸው መሟገት ለማይችሉ አፋችንን እንድንከፍትና በጽድቅ እንድንፈርድ ያዘናል። ይህን ክፍል ብዙ ጊዜ ለጸሎት ርእስ እንወስደዋለን። ዛሬ ግን በምክር ቤት መካከል ቆሞ የኖረውን አንድ የእግዚአብሔር ሰው እናስታውስ። ስሙ ሄንሪ ማክኒል ተርነር ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ተርነር በ1834 በአሜሪካ በሳውዝ ካሮላይና ግዛት ተወለደ። ቤተሰቡ ከባርነት ነጻ ነበር፤ ይህ ነጻነት ግን በልጅነቱ በጥጥ ማሳ ከመሥራት አላዳነውም። በዚያ ዘመን በግዛቱ ጥቁሮችን ማንበብ ማስተማር በሕግ የተከለከለ ነበር። በጠበቆች ቢሮ በጽዳት ሥራ ሲቀጠር ግን ጠበቆቹ የአእምሮውን ብሩህነት አይተው አስተማሩት። በ1853 የመስበክ ፈቃድ አግኝቶ በደቡብ ግዛቶች እየዞረ ወንጌልን ሰበከ። በ1858 የአፍሪካ ሜቶዲስት ኤጲስቆጶሳዊት ቤተ ክርስቲያንን ተቀላቀለ። በእርስ በርሱ ጦርነት ጊዜ በዋሽንግተን መጋቢ ነበር፤ በ1863 የጥቁር ወታደሮች ክፍለ ጦር ቄስ ሆኖ ተሾመ።

ጦርነቱ አብቅቶ ባርነት ሲወድቅ ተርነር ወደ ጆርጂያ ሄዶ አብያተ ክርስቲያናትን ተከለ። ነጻ የወጣው ሕዝብም ድምፅ የመስጠት መብት ሲያገኝ መጋቢውን መረጠው። በመጀመሪያ የግዛቱን አዲስ ሕገ መንግሥት በሚጽፈው ጉባኤ ተቀመጠ። በዚያም የትናንቶቹን ጌቶች በምሕረት ሊይዛቸው ፈለገ። የተሸነፈው የደቡቡ መንግሥት መሪ ጄፈርሰን ዴቪስ ይቅርታ እንዲደረግለት እስከ መደገፍ ደረሰ። ጉባኤው ግን ጥቁር ዜጋ ለሥልጣን የመመረጥ መብት እንዳለው በግልጽ የሚናገረውን አንቀጽ ከሰነዱ አወጣው።

ይህ ክፍተት ብዙም ሳይቆይ ዋጋ አስከፈለ። በ1868 ተርነርና ሌሎች ጥቁር ተመራጮች በጆርጂያ ምክር ቤት ተቀመጡ። በመስከረም ወር ግን ነጮቹ አባላት፣ ሕገ መንግሥቱ ጥቁሮች እንዲመርጡ እንጂ እንዲመረጡ አልፈቀደም ብለው ተነሡ። ምሕረት የተደረገላቸው ወገኖች ምሕረትን አልመለሱም።

መስከረም 3 ቀን 1868 ተርነር ለመናገር ቆመ። እንደማይለማመጥ፣ መብቱንም ከማንም እንደማይለምን ተናገረ። ጥያቄው ስለ አንድ ወንበር ሳይሆን ጥቁር ሰው ሰው ነው ወይስ አይደለም የሚል መሆኑን አስረዳ። እግዚአብሔርም የእጁን ሥራ ክብር ሳያስመልስ እንደማይቀር መሰከረ። ንግግሩ ግን ድምፁን አልለወጠም። አባረሯቸው። ቆዳቸው እጅግ ከመቅላቱ የተነሣ ጥቁር መሆናቸውን ማረጋገጥ ያልተቻለ አራት አባላት ብቻ ቀሩ። በዚያው ወር ከተባረሩት አንዱ ፊሊፕ ጆይነር የመራው ሰልፍ ካሚላ በምትባል ከተማ የተኩስ እሩምታ ወረደበት፤ በርካቶችም ሞቱ።

የተባረሩት ዝም አላሉም። አቤቱታቸውን ወደ ዋሽንግተን አደረሱ። ኮንግረስ ጆርጂያን እንደገና በወታደራዊ አስተዳደር ሥር አደረገ፤ በጥር 1870ም ተመራጮቹ ወደ ወንበራቸው ተመለሱ። ድሉ ግን አልዘለቀም። ከ1907 በኋላ በዚያ ምክር ቤት አንድም ጥቁር አልተቀመጠም፤ ሊሮይ ጆንሰን ለግዛቱ ሴኔት የተመረጠው በ1962 ነው።

ተርነር በ1880 ጳጳስ ሆነ። እዚህ ላይ ታሪኩ ወደ እኛ ስም ይጠጋል። በደቡብ አፍሪካ ማንጌና ሞኮኔ የተባለ አገልጋይ በነጮች አመራር ሥር ከነበረው ቤተ ክርስቲያን ወጥቶ በ1892 «የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን»ን መሠረተ። ስሙ ከመዝሙር 68፥31 ጋር የተያያዘ ነው። ይህች ቤተ ክርስቲያን በ1896 ከተርነር ቤተ ክርስቲያን ጋር ተዋሐደች፤ በ1898 ተርነር ራሱ ሄዶ ብዙ አገልጋዮችን ሾመላት።

ወገኖቻችን፣ ከዚህ ሕይወት ምን እንማራለን? «ፖለቲካ ቆሻሻ ነው» ብለን የራቅንበት ዘመን ነበር። ዛሬ ከመካከላችን በምክር ቤትና በቢሮ የተቀመጡ ብዙዎች ናቸው። እንግዲህ ጥያቄው መግባት አለመግባታችን ብቻ አይደለም፤ ከገባን ስለ ማን እንናገራለን የሚለው ነው።

አንደኛ፣ ምሕረት ጥበብን አይተካም። ጌታችን በማቴዎስ 10፥16 የርግብን የዋህነት ከእባብ ልባምነት ጋር ያጣመረው በከንቱ አይደለም። ለበደለን ይቅር ማለት ትእዛዝ ነው፤ የደካማውን መከለያ አሳልፎ መስጠት ግን ይቅርታ አይደለም።

ሁለተኛ፣ ታማኝነት በድምፅ ቆጠራ አይመዘንም። ተርነር በዚያ ቀን ተሸነፈ፤ እውነቱ ግን አልተሸነፈም።

ሦስተኛ፣ የተገፋ ሰው ልብ ይቆስላል። በ1883 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የጥቁሮችን መብት የሚጠብቀውን ሕግ ሲሽር ተርነር በአገሩ ተስፋ ቆረጠ፤ ወገኖቹ ወደ አፍሪካ እንዲሄዱም አጥብቆ ሰበከ። ንግግሩም እየመረረ ሄደ። እንፈርድበት ዘንድ አንቸኩል፤ ኤልያስም ከክትክታው ዛፍ በታች ሞትን ለምኖ ነበር። እግዚአብሔር በመጀመሪያ እንጀራና ውኃ ሰጠው እንጂ አልወቀሰውም። ለፍትሕ ቆመው የደከሙ ወንድሞችና እህቶች በአጠገባችን ካሉ፣ ከትችታችን በፊት እንጀራችን ይድረሳቸው።

ተርነር በ1915 ወደ ጌታው ሄደ። ዛሬ በጆርጂያ ምክር ቤት ግቢ ውስጥ ስለ ቆዳቸው ቀለም የተባረሩትን የሚያስታውስ ሐውልት ቆሟል። ሰው የጣለውን እግዚአብሔር አይረሳም።

ጌታ ሆይ፣ በምንቀመጥበት ወንበር ሁሉ ስለ ተገፉት የሚናገር አፍ፣ መራራነትም የማይውጠው ልብ ስጠን። አሜን።